ማን ሰደደህ?

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንዲት ወዳጄ ቤት ቡና ተጠርተን አምስት ሆነን ተቀምጠናል። ሥራም ነበረን። አዲስ ለሚመጡ ያገራችን ልጆች በነፃ እንግሊዝኛ ልናስተምር ተስማምተናል። የቀረው በየሐበሻ ሱቁ የሚለጠፍ ማስታወቂያ መጻፍ ነበር። እኔ «ለስደተኞች በሙሉ» ብዬ ጀመርኩ። ከዚያ በኋላ ሦስት ሰዓት ሙሉ አንድ መስመር አልጨመርንም።

መጀመሪያ የተቆጣው ታክሲ ነጂው ነው።

«እኔ ስደተኛ አይደለሁም» አለ። «ዲቪ ሞላሁ፣ ደረሰኝ፣ ቪዛዬን አስመትቼ በአውሮፕላን መጣሁ። ማንም አላባረረኝም። የዛሬ አሥር ዓመት ይህን ማስታወቂያ ባየው ኖሮ፣ ለሌላ ሰው ነው ብዬ አልፌው እሄድ ነበር።»

እውነቱን ነው። ዲቪ በሕጉ በዓመት እስከ 55,000 ቪዛ የተፈቀደለት ዕጣ ነው። ስንቱ ያገራችን ሰው በእሱ እንደገባ እዚህ የሚኖር ሁሉ ያውቃል።

«ፍልሰተኛ በሉት» አለ ቀጥሎ። «ዜናውም እንደዚያ ነው የሚለው።»

«ፍልሰት የወፍ ነው!» አለች ቡና የምታፈላው ወዳጄ። የደሴ ልጅ ናት፤ በትዳር ወደዚህ ከመምጣቷ በፊት ቤይሩት ስምንት ዓመት በሰው ቤት ሠርታለች። «ትምህርት ቤት የተማርነው እኮ የአእዋፍ ፍልሰት ብለን ነው። ብርድ ሲመጣ ይሄዳሉ፣ ሲሞቅ ይመለሳሉ። እኔ ወፍ ነኝ እንዴ?»

ጋሼ እስካሁን አልተናገሩም። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት ያለፉ፣ ኋላ መምህር የነበሩ ሰው ናቸው። በደርግ ጊዜ በመተማ አድርገው ገዳሪፍ ገቡ፤ እ.ኤ.አ. የ1980ው የስደተኞች ሕግ ሲወጣ ወደ አሜሪካ ከተሻገሩት የመጀመሪያዎቹ ውስጥ ናቸው።

«ሰደደ በግእዝ አባረረ፣ አሳደደ ማለት ነው» አሉ። «አማርኛው ላልቶ 'ላከ' አደረገው እንጂ ኃይሉ አልጠፋም። ሰደድ እሳት ስንል አታዩም? ማቴዎስ ወንጌል ላይ 'ስለ ጽድቅ የሚሰደዱ ብፁዓን ናቸው' ይላል። መከራ የሚደርስባቸውን፣ የሚሳደዱትን ማለቱ ነው። ተሰደደ ካልን ሰዳጅ አለ። ፈለሰ ግን ከቦታ ቦታ ሄደ፣ ከነበረበት ተነሣ ነው። ፈላሲ እንግዳም ይሆናል፣ መናኝም ይሆናል።»

ከዚያ ያሉትን እስካሁን አስበዋለሁ።

«እመቤታችንን ተመልከቱ። ሄሮድስ ልጇን ሊገድል ሲነሣ ይዛው ግብፅ ወረደች። ይህን ስደት እንለዋለን፤ ከመስከረም 26 ጀምሮ በጽጌ የምናስበው እሱን ነው። ሥጋዋ ያረገበትን ደግሞ ፍልሰታ አልነው። የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ዐፅም የተዛወረበት ግንቦት 12ም ፍልሰተ ዐፅም ነው፤ ስደት ያለው የለም። በስደቱ ከኋላ ሰይፍ አለ። በፍልሰቱ የለም።»

«ይኸው!» አለ ታክሲ ነጂው። «ከእኔ ኋላ ሰይፍ አልነበረም።»

«ከእኔስ ኋላ?» አለችና ጀበናውን አስቀመጠች። «ጋሼ፣ እኔ እንደ እርስዎ አልሸሸሁም። ኮንትራት ፈርሜ ነው የሄድኩት። አባቴ ሞቷል፣ ከእኔ በታች አራት ልጆች አሉ። ደላላው ቤታችን ድረስ መጣ። ቤይሩት ስደርስ ማዳም ፓስፖርቴን ወሰደች። የመኖሪያ ፈቃዴ በአሠሪዬ ነው፤ ጥዬ ብወጣ ሕገ ወጥ ነኝ። ከፋላ የሚሉት እሱ ነው። በእግሬ ገብቼ በእግሬ መውጣት አልቻልኩም። እስቲ ይንገሩኝ፣ ምን ልባል?»

ሕጉ ለእሷ መልስ የለውም። እ.ኤ.አ. የ1951ዱ የጄኔቭ ስምምነት ስደተኛ የሚለው በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ፣ በማኅበራዊ ቡድኑ ወይም በፖለቲካ አመለካከቱ መሳደድን የሚፈራውን ነው። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1969 አዲስ አበባ ላይ የተፈራረመው ስምምነት የውጭ ወረራንና ከባድ ሁከትን ጨመረበት። የአባት ሞትና አራት ታናናሾች ሁለቱም ላይ አልተጻፉም።

«እኛ ዘንድ ሂጅራ ነው» አለች ቀጥላ። «የነቢዩ ባልደረቦች ቁረይሾች ሲያሠቃዩዋቸው ወደ ነጃሺ አገር የመጡበት። ቃሉ መተው፣ መለየት ማለት ነው። ስለ አሳዳጁ አያወራም። ሙሃጂር፣ ሂጅራ ያደረገች፣ ብትሉኝ ክብር ነው።»

አምስተኛው ሰው ከእስራኤል ለጥየቃ የመጣ እንግዳ ነው። ስኒውን ይዞ ዝም ብሎ ሲሰማ ቆየ።

«እኔን ግን በፍልሰቱ ቃል አትጥሩኝ» አለ። «የተወለድኩት ጎንደር አጠገብ፣ ወለቃ ነው። አባቴም አያቴም እዚያው። ብረት ቀጥቃጮች ነበሩ። እኛ ራሳችንን ቤተ እስራኤል እንላለን። ጎረቤት ፈላሻ ይለን ነበር።»

«ከዚያው ከፈለሰ ነው?» ብሎ ታክሲ ነጂው ወደ ጋሼ ዞረ። ጋሼ በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐፄ ይስሐቅ ወግተው ካሸነፏቸው በኋላ፣ የተጠመቀ የአባቱን ርስት ይውረስ፣ ያልተጠመቀ ፈላሲ ይሁን ብለው ዐወጁ ተብሎ እንደሚተረክ ነገሩን።

«እንግዲህ አያችሁ» አለ እንግዳው። «ከየትም አልመጣንም። ርስታችንን የነቀለው ሰው ነው ተነቃይ ብሎ ስም ያወጣልን። በ1976 ዓ.ም. በእግራችን ሱዳን ገባን። ታናሽ እህቴን ኡም ራኩባ መጠለያ ቀበርናት። እስራኤል ስንደርስ ዖሊም አሉን፤ ወደ ላይ የወጡ ማለት ነው። ደስ አለን። ብዙም ሳይቆይ ግን በሰፈሩ ስማችን 'ኢትዮጵያውያኑ' ሆነ። እዚያ ፈላሻ፣ እዚህ ኢትዮጵያዊ።»

ጋሼ ገዳሪፍ የገቡት ከእሱ አምስት ዓመት ቀድመው ነበር። ሁለቱ የሱዳኑን መንገድ እያነሡ ብዙ አወሩ። ያን ጊዜ ስለ ማስታወቂያው ያስታወሰ የለም።

«በቃ ዲያስፖራ በሉና ተገላገሉ» አለ ታክሲ ነጂው በመጨረሻ። ይህን እኔም አልተቀበልኩትም። ቃሉ የግሪክ ነው፤ መበተን ማለት ነው፤ ጥንት በየአገሩ ስለተበተኑት አይሁድ ይነገር ነበር። አዲስ አበባ ሲደርስ ግን ዶላር ይዞ የመጣ፣ ቤት የሚያሠራ ሰው ስም ሆኗል። ትናንት ገብቶ ሰው ሳሎን ሶፋ ላይ የሚያድር ልጅ ራሱን ዲያስፖራ አይልም።

እኔ የምለው ይህን ነው። የጋሼ ግእዝ ልክ ነው፣ ድንበሩ ግን ጠብቦብኛል። ቃሉ ከቅኔ ቤት ከወጣ ቆይቷል። የራሳችን ሕግ እንኳ ሲያመነታ አይተናል። በ2007 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 909 «ስደተኞችን» በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር ማሻገር ይል ነበር። በ2012 የተካው አዋጅ ቁጥር 1178 «ሰውን» አለ። እናት ግን ልጇ ዓረብ አገር ስትሄድ «ልጄ ተሰደደች» ትላለች እንጂ «ፈለሰች» አትልም። ሰይፍ አላየችም፤ የሰደደ ነገር እንዳለ ግን ታውቃለች። ስደተኛ ስል ማን ሰደደህ ብዬ ለመጠየቅ መንገድ ይከፈትልኛል። ደላላው ነው? ዕዳው ነው? ወታደሩ ነው? ፍልሰተኛ ስል ጥያቄው ይቀራል፤ ሰውየው እንደ ወፍ ወቅቱ ደርሶ የተነሣ ይመስላል። ስለዚህ ስለ ቤይሩቷ ልጅ ስጽፍ ስደተኛ እላለሁ፤ የጄኔቭ ወረቀት ባይላትም። ታክሲ ነጂው አይደለሁም ካለ ደግሞ አይደለም፤ ስለ ራሱ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ፈላሻ የሚለውን ግን የቃሉን ታሪክ ለመናገር ካልሆነ ከአፌ አላወጣውም። ልጅ ሆኜ ብዬዋለሁ፤ ትርጉሙን ሳላውቅ ብዬዋለሁ። ያን ቀን እንግዳውን ይቅርታ ጠየቅሁት።

ማስታወቂያው ላይ «አዲስ ለመጣችሁ ሁሉ» ብለን ጻፍን። እንግሊዝኛ ሊማር የመጣን ሰው በር ላይ ማን ሰደደህ ማለት አይገባንም። ልናትመው ስንል ወዳጄ ወረቀቱን ተቀብላ ሰዓቱን አየችው። ከምሽቱ 1 ሰዓት ይላል። «እኔ በዚያ ሰዓት ለሥራ እወጣለሁ» አለች። «ጓደኞቼም እንደኔ ሌሊት ነው የሚሠሩት።» ሰርዘን ጠዋት 4 ሰዓት አደረግነው።