ጆሮ ለማያስፈልጋቸው ሃያሲያን የቀረበ ምስጋና

በአገራችን የሙዚቃ ሂስ ሞተ እያላችሁ ደረት የምትደቁ ሁሉ ድንኳኑን አፍርሱ። ሂስ አልሞተም፤ ከእናንተ ቀድሞ ስለሚደርስ ነው ያጣችሁት። አዲስ ነጠላ ዜማ በዩቲዩብ «ፕሪሚየር» ሲለቀቅ ገጹ አስቀድሞ ይከፈታል፤ ሰዓቱ ሲደርስም ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት ብዙ ጊዜ 2 ደቂቃ ወደ ኋላ ይቆጠራል። ሌላው ሰው በዚህ 2 ደቂቃ ቡና ይቀዳል። ሃያሲያችን ይፈርዳሉ። የመጀመሪያዋ የከበሮ ምት ሳትሰማ «ምርጥ ሥራ! ግጥሙ አጥንት ይሰብራል!» ብለው ጽፈው፣ ላይክ ለቅመው፣ «ልክ ብለዋል» የሚል ምስክር አቁመዋል። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት ድሮ ስድብ ነበር፤ አሁን የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ሆኗል።

የጊዜ ቁጠባቸውም ያስቀናል። ስፖቲፋይ አንድ ዘፈን ተደመጠ ብሎ የሚቆጥረው 30 ሰከንድ ሲሞላ ነው፤ ለእሳቸው ይህ ብክነት ነው። የአማርኛ ዘፈን መግቢያው ረዘም ይላል፤ ኪቦርዱ ዜማውን አንዴ፣ ማሲንቆው አንዴ ዞረውበት ድምፃዊው አፉን ሲከፍት ብዙ ጊዜ ግማሽ ደቂቃው አልፏል። ስለዚህ ስለ ድምፃዊው አቅም የሚሰጡት የተሟላ ትንታኔ የተመሠረተው ድምፃዊው ገና ባልዘፈነበት ክፍል ላይ ነው። ማሲንቆ ያልነውም አንዳንዴ ኪቦርድ ላይ የተጫነ ድምፅ ነው። መለየቱ ከባድ አይደለም። እውነተኛው ማሲንቆ ባለ አንድ ክር ነውና ጣት ከቦታ ቦታ ሲሄድ ድምፁ ይንሸራተታል፤ ደጋኑ አቅጣጫ ሲቀይር የጭራው መፋተግ ይሰማል፤ ሁለት ጊዜ የተመታ ያው ድምፅ ሁለቴም አንድ ዓይነት አይሆንም። የኪቦርዱ ግን አሥር ጊዜ ቢነካ አሥሩም መንታ ነው። እሳቸው ለዚህ ጊዜ የላቸውም። «ኧረ ማሲንቆው! የአያቶቻችን ድምፅ!» ብለው ያነባሉ፤ ኪቦርዱም በአያትነት ይመዘገባል።

ከሁሉ የሚያስደምመው ግን የቅኝት፣ ማለትም ዜማው የሚመላለስባቸው አምስት ድምፆች፣ ዕውቀታቸው ነው። ዘፈኑ ቀስ ካለ ትዝታ ነው። ካስለቀሰ አምባሰል። ሞቅ ካለ ባቲ። ምኑም ካልተያዘላቸው አንቺሆዬ ይሉታል፤ አንቺሆዬን ደፍሮ የሚከራከር ሰው ብዙ ስለሌለ ይህ ብልህ ምርጫ ነው። ሙዚቀኞቹ ይህን አቋራጭ ስላላወቁ በከንቱ ሲደክሙ ኖረዋል። ትዝታ ሜጀር ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ማይነሩ ሚንና ላን በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያደርጋቸዋል። አሁን ጉዱ እዚህ ላይ ነው፤ እነዚያኑ አምስት የትዝታ ማይነር ድምፆች ሳትነካካ ማረፊያህን ወደ አራተኛው፣ ወደ ሶል ብታዛውረው አምባሰል ሆኖ ቁጭ ይላል። የትዝታ ሜጀርን ድምፆችም ላ ላይ ብታሳርፋቸው ባቲ ማይነር ይሆኑልሃል። እንግዲህ ቅኝቱን ለመለየት ድምፆቹን መልቀም ብቻ አይበቃም፤ ዜማው ዞሮ ዞሮ የሚያርፍበትን ድምፅ ማግኘት ያስፈልጋል። ለዚያ ደግሞ ስንኙ እስኪዘጋ መጠበቅ፣ የመጨረሻውን ድምፅ በአፍ ይዞ ማንጎራጎር፣ ቤዝ ጊታሩ ዙሩን ሲጨርስ የት እንደሚረግጥ መስማት አለ። ከዚያም ያንጎራጎሩትን ድምፅ ይዞ ወደ መግቢያው ተመልሶ ማመሳከር። ይሄ ሁሉ የሥራ ፈት ሥራ ነው! ክራር መቺ ቅኝት ሲቀይር ክሮቹን አንድ በአንድ እያጠበቀና እያላላ እንደገና ይቃኛል። ዋሽንት ነፊም ባለ አራት ቀዳዳ ዋሽንቱ ለሁሉም ስለማይሆነው የተለያየ ርዝመት ያላቸውን በከረጢት ይዞ ይዞራል። ሃያሲያችን ግን በአንድ አስተያየት ውስጥ ሦስት ቅኝት ያቀያይራሉ፣ አንድ ክር ሳይነኩ።

«ዜማው የተሰረቀ ነው» የሚለው ችሎትም በእሳቸው ይመራል። አንድ ቅኝት አምስት ድምፅ ብቻ አለው፤ ዜማውም በለመደው መንገድ ወርዶ ማረፊያው ላይ መዝጋት ይወዳል። ስለዚህ ሁለት የትዝታ ዘፈኖች ሦስትና አራት ድምፅ በተከታታይ ቢጋሩ የቅኝቱ ጠባይ ነው። መስረቅ ለማለት ቢያንስ ሙሉ ሐረጉ፣ ከነድምፁ ርዝመትና ከነአጣጣሉ መገጣጠም ነበረበት። ይህ ማጣራት ግን ችሎቱን ስለሚያጓትት ተከሳሹ በሌለበት ይፈረድበታል። ፍርዱ ብዙ ጊዜ የሚጠናቀቀው ለስድስት ሰዓት ምሳ ሳይደርስ ነው።

ወደ ድምፅ ጥራት እንለፍ፤ እዚህ ላይ ባርኔጣ ማውለቅ ግድ ይላል። ባለ ስቱዲዮው ሳምንት ሙሉ በትልልቅ ድምፅ ማጉያና በጆሮ ማዳመጫ ሲያመሳክር የከረመውን ሚክስ (የድምፆቹን ቅልቅል) ሃያሲያችን በስልካቸው ድምፅ ማጉያ፣ ታክሲ ውስጥ፣ ረዳቱ «ሜክሲኮ! ሜክሲኮ!» እያለ በ20 ሰከንድ መርምረው «ቤዝ የለውም» ይላሉ። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ሳይረገጥ ሲመታ 41 ሄርዝ አካባቢ ነው። የስልክ ድምፅ ማጉያ ደግሞ ከጥቂት መቶ ሄርዝ በታች ያለውን ማውጣት አይችልም፤ ጣት የማታህል ነገር አየሩን ለመግፋት አቅም የላትም። ባለሙያዎች ይህን ስለሚያውቁ ቤዙ ላይ ትንሽ ሻካራነት ይጨምሩበታል፤ ከላይ ያሉት አጃቢ ድምፆች ሲጎሉ ጆሮ የጎደለውን ከታች ራሱ ይሞላዋል። ሃያሲያችንን ግን በዚህ ዘዴ ማታለል አይቻልም። «ቤዝ የለውም» ካሉ የለውም፣ ቀጥለውም «ሻካራ ነው» ይላሉ።

ብሉቱዝ ስፒከር የገዙ ቀን ደግሞ ይብሳል። ብዙዎቹ ትንንሽ ስፒከሮች ግራና ቀኙን አንድ ላይ ቀላቅለው ያወጣሉ። አቀናባሪው ተቀባዮቹን ሰፋ ለማድረግ የአንዱን ወገን የድምፅ ሞገድ ገልብጦ ከሆነ፣ ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል፤ ተቀባዮቹም ጭራሽ ይጠፋሉ። እዚህ ላይ ጥፋቱ የአቀናባሪውም ጭምር ነው፤ ከመልቀቁ በፊት ሞኖ አድርጎ፣ ግራና ቀኙን አንድ ላይ ቀላቅሎ፣ ማድመጥ የአንዲት ቁልፍ ሥራ ነበር። ሃያሲያችን ግን ይህን አይሉም፤ «ተቀባይ ሴቶቹን ለምን ቀነሷቸው? በክፍያ ተጣልተው ነው» የሚል ወሬ ያክላሉ። ዘፈኑን ያገኙት ደግሞ ከዩቲዩብ ወደ ኤምፒ3 ቀይሮ ቴሌግራም ላይ ከጫነ ሰው ነው። አንዴ የታመቀ ድምፅ እንደገና ሲታመቅ በቅድሚያ የሚበላሸው የላይኛው ጫፍ ነው፤ ጽናጽሉ ውኃ ውስጥ የተመታ ይመስላል። የመጨረሻው የድምፅ ማጠናቀቂያ ሥራም «ማስተሪንጉ ያሳዝናል» ተብሎ ደረጃ ይወጣለታል። ዩቲዩብ በጩኸት መለኪያው በሉፍስ ከ-14 ያለፈ ጩኸት ያለውን ሥራ ራሱ ዝቅ እንደሚያደርገው ማን ይንገራቸው! አስጩሆ ማስተር ያደረገው ሰው ከጩኸቱ ትርፍ አያገኝም፤ የከበሮው ጉልበት ተጠፍጥፎ ብቻ ይቀርበታል። እሳቸው ታዲያ ሁልጊዜ ምክራቸው «ድምፁን ጨምሩት» ነው።

የድምፃዊን ስህተት ስለሚያርመው ሶፍትዌር፣ ስለ ኦቶቱን፣ ያላቸው አቋም ደግሞ እንደ ዓለት የጸና ነው፤ ይጠሉታል። መሣሪያው እ.ኤ.አ. በ1997 ገበያ ላይ ከዋለ ጀምሮ ሁለት ዓይነት አጠቃቀም አለው። የማስተካከያ ፍጥነቱ ዜሮ ላይ ሲደረግ ድምፁ ከእርከን ወደ እርከን እየዘለለ ሮቦት ይሆናል፤ ያ ሆን ተብሎ ነው። ፍጥነቱ ሲዘገይ ግን የተንሸራተተውን ድምፅ ቀስ ብሎ ወደ ቦታው ይመልሰዋል፣ ማንም አያውቅም። ሃያሲያችን በዚህ በሁለተኛው መንገድ ከራስ እስከ እግሩ የታረመውን ድምፃዊ «ንጹሕ ድምፅ፣ ያለ ማሽን!» ብለው ያወድሱታል። ከአንጀቱ እያርገበገበ የሚያንጎራጉረውን ደግሞ «ይሄ ድምፅ አይደለም፣ ኦቶቱን ነው» ይሉታል። መሣሪያው በእኛ ዜማ ላይ የሚያደርሰው ትክክለኛ ጉዳት ሌላ ነበር፤ ማሽኑን በአሥራ ሁለቱም ድምፆች ላይ ክፍት ትቶ ከቅኝቱ አምስት ድምፆች ጋር አለማስማማት። ያኔ ድምፃዊው ሲያንሸራትት ማሽኑ በመሃል ያለ፣ ቅኝቱ የማያውቀው ግማሽ ድምፅ ላይ ይይዘዋል። ይህን ስህተት ግን ማንም ሲያነሳው አይሰማም። ጉዳዩ እንዲሰማ ስንኝ ላይ ማቆምና መመለስ ይጠይቃላ።

የሙዚቃ ስልት ምደባቸው አጭር ነው፣ እኔም አላስረዝመውም። ሳክስፎን ካለ ጃዝ። ጊታር ከጮኸ ሮክ። ፀጉሩ ከተጎነጎነ ሬጌ፤ ከበሮው ሦስተኛው ምት ላይ መውደቅ አለመውደቁን ማየት አያስፈልግም፣ ፀጉሩ ይታያል። ከደቡብ አፍሪካ የመጣው አማፒያኖ ሎግ ድራሙን፣ ያንን ወፍራም የቤዝ ከበሮ ድምፁን፣ ይዞ ሲገባ «አፍሮቢት» ይባላል፣ አፍሮቢቱም «የጭፈራ ቤት ዘፈን» ይባላል። ራፕ ከሆነ አይመደብም፤ «ይሄም ዘፈን ሆነ?» ይባልና ይዘጋል።

ወርቅ ፍለጋው ግን ዝም ተብሎ አይታለፍም። ዘፋኙ «ተለይታኝ ሄደች» ካለ እሷ አገር ናት። «ተመለሽ» ካለ እሷ አገር ናት። «ዓይንሽ ያምራል» ካለ ደግሞ ዓይኗ የትኛው ፓርቲ እንደሆነ ውይይት ይከፈታል። ሰምና ወርቅ እንዲኖር ኅብረ ቃል ያስፈልጋል፤ ሲጠብቅና ሲላላ፣ ወይም ለሁለት ሲከፈል ሌላ ትርጉም የሚሰጥ አንድ ቃል፣ ወርቁ የሚቀመጥበት። ቃሉ የቱ ነው ብሎ መጠየቅ ይበቃ ነበር። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ለሚወጣ ሰው ግን ሜዳው በሙሉ የእሱ ነው። ግጥም ጸሐፊው ለእጮኛው የጻፈው ሦስት ስንኝ በማግስቱ የፖለቲካ መግለጫ ሆኖ ይጠብቀዋል፣ እጮኛውም ማን ናት ተብላ ትጠየቃለች።

ግጥም ጸሐፊው ማን እንደሆነ ደግሞ ቪዲዮው ሥር፣ «ተጨማሪ» የምትለው ቁልፍ ስትነካ ይወጣል፤ ግጥም፣ ዜማ፣ ቅንብር፣ ሚክሲንግ፣ ማስተሪንግ፣ እያንዳንዱ ከነስሙ፣ ባለቤቱ ከጻፈው። ሃያሲያችን ይህችን ቁልፍ በክብር ያቆዩዋታል፤ አይነኳትም። ስለዚህ «ይህን የመሰለ ግጥም የጻፍክ እጅህ ይባረክ» የሚለው ምርቃት ግጥሙን ላልጻፈው ድምፃዊ ይደርሳል። ቪዲዮ ሠርተው ሪአክሽን የሚያቀርቡትም አሉ፤ በየአሥር ሰከንዱ አቁመው አፋቸውን በእጃቸው ይይዛሉ። የዩቲዩብ ማሽን ዘፈኑን ለይቶ ገቢውን ለባለቤቱ እንዳያዞርባቸው መቆራረጥ ይረዳል ይላሉ። ከመደነቅ ጋር የተያያዘ አይደለም፣ ቢሆንም ያምርባቸዋል።

በመጨረሻም የ«ዘፈን ድሮ ቀረ» ጉባኤ ሰብሳቢ እሳቸው ናቸው። ድሮ ማለት ያ ሸክላ ዘመን ነው፤ አሳታሚው አምኃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 የአገር ፍቅር ቴአትርን ሸክላ የማሳተም የብቸኝነት መብት ጥሶ ያሳተማቸው፣ በደቂቃ 45 ጊዜ የሚዞሩ፣ በያንዳንዱ ገጽ አንድ አንድ ዘፈን ያለባቸው ነጠላዎች። ያ ንጹሕ፣ ያልተበረዘ የአገር ድምፅ! የነፋስ መሣሪያው ከክብር ዘበኛና ከፖሊስ ኦርኬስትራ የመጣ፣ የዚያም ዘር እ.ኤ.አ. በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ባስመጧቸው 40 የአርመን ልጆች ባንድ የተተከለ፣ ምቱ ደግሞ ከአሜሪካ የሶል ሙዚቃ የተዋሰ፣ ያልተበረዘ ድምፅ። ስለዚህ ዛሬ አማፒያኖ ከባቲ ጋር ቀላቅለህ በአስተያየት መስጫው የተቀጠቀጥክ ወጣት፣ ነጠላህን እንዳታጠፋት። በ2048 ዓ.ም. ልጆቻቸው ሎግ ድራሙን ሲሰሙ «የአባቶቻችን ከበሮ!» ብለው ያነባሉ፤ ከሥሩም «ይህን ዘፈን ዛሬም የሚሰማ ላይክ ያድርግ» የሚል ይኖራል፣ ሦስት ሺህ ላይክ ያለው፣ ዘፈኑ ሳይጀመር የተጻፈ።