ሥራ የፈታው ጠጅ

ውሻችን ጠጅ ይባላል። ስሙን ያወጣችለት የ11 ዓመቷ ልጄ ናት፤ "ብርሌ ውስጥ ያለ ጠጅ ይመስላል" ብላ። እውነቷን ነው፣ ከወርቅማ ወደ ቀይ የሚያደላ ቀለም አለው። ችግሩ በርሊን ውስጥ ሐበሻ የማይገኝበት ጥግ አለመኖሩ ነው። አንድ ቀን ገመዱ ከእጄ አምልጦ "ጠጅ! ጠጅ! ኧረ ና!" እያልኩ ስሮጥ አንድ አዛውንት ቆም ብለው አዩኝና "ምነው ልጄ፣ በጠዋቱ?" አሉኝ።

ዝርያው ቪዥላ ነው፣ የሃንጋሪ አዳኝ ውሻ። ሥራው ከአዳኙ ፊት ፊት እየሮጠ ሜዳውን ማሽተት ነው። ቆቅ ወይም ሌላ ወፍ ሲሸተው ድርቅ ይላል፤ አንድ የፊት እግሩን አንሥቶ በአፍንጫው ያመለክታል። ከተተኮሰ በኋላ ደግሞ የወደቀውን በአፉ ይዞ ይመጣል። ለዚህ ሲባል በትውልድ ላይ ትውልድ እየተመረጠ የተዳቀለ ነው። እኛ ግን ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሁለት መኝታ ክፍል ያለው ቤት ውስጥ አስቀመጥነው። ልጄ የመረጠችው ቪዲዮ አይታ ነው። ቪዲዮው ላይ ውሻው ሶፋ ላይ ተኝቷል። ከመተኛቱ በፊት ስንት ሰዓት እንደሮጠ ግን አያሳይም።

ዋጋውን ለእናቴ በስልክ የነገርኳት ቀን ጸጥ አለች። ከዚያ "በዚህ እኮ በሬ ይገዛል" አለች። መግዣው ገና መጀመሪያው መሆኑን አልነገርኳትም። በርሊን ውስጥ ለአንድ ውሻ በዓመት 120 ዩሮ ግብር ይከፈላል፤ ሁለተኛ ከጨመርክ ለሁለተኛው 180 ነው። ሰው ቢነክስ ወይም ብስክሌት ቢጥል የሚከፍል ኢንሹራንስ ግዴታ ነው። ቆዳው ሥር ቺፕ ይቀበርለታል። ሀገር ቤት ግብር የማይከፍል ስንት ነጋዴ አለ፣ እዚህ ውሻው ይከፍላል።

የመጀመሪያዎቹ ወራት መከራ ነበሩ። ከአዲስ አበባ ተሸክመን ያመጣነውን መሶብ ከክዳኑ ጀምሮ በታተነው። ብቻውን ትተነው ስንወጣ ያላዝናል፤ ጎረቤት ደብዳቤ ጻፈብን። ቤት ስንሆን ደግሞ ከሰው አይለይም። ወጥ ቤት ስሄድ ወጥ ቤት፣ ሽንት ቤት ስሄድ በር ላይ። ዝርያው በዚህ የታወቀ መሆኑን የሰማሁት ኋላ ነው።

"እሰሩት" አለች እናቴ። ውሻ ካስቸገረ ይታሰራል፣ አለቀ። ጀርመን ውስጥ ግን ከፈረንጆቹ 2023 መጀመሪያ ጀምሮ፣ ጥቂት ነገር ካልሆነ በቀር፣ ውሻን አስሮ ማኖር በሕግ ክልክል ነው። ይህን ስነግራት ሳቀች። "መቻልን እኮ እናስረው ነበር፣ ምን ሆነ?"

መቻል ልጅ ሳለሁ የነበረን ውሻ ነው። ስለ እሱ ያሰብኩት ያን ጊዜ ነው፤ ከሠላሳ ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ቀን ቀን ቆርቆሮው ጥግ ታስሮ ይውላል። ማንም አያሻሸውም፣ ማንም አያጫውተውም። የሚበላው ፍርፋሪ ነው፤ በዓል ሲሆን ቅንጥብጣቢ። ለዘመዶቼ "እኛ ሀገር ውሻ ሽርሽር አያውቅም፣ ግን ጤነኛ ነው" እያልኩ ስንቴ አውርቻለሁ። ውሸቴን ነው። መቻል ማታ ሁለት ሰዓት ሲሆን ይፈታ ነበር። ከዚያ እስከ ንጋት ግቢውን ይዞራል፣ በአጥሩ ቀዳዳ ይወጣል፣ ከሰፈር ውሾች ጋር ጅብ ያባርራል፣ ይጣላል፣ ይታረቃል። ሌሊቱን ሙሉ ሥራ ላይ ነው። ቀን የሚተኛው ስለታሰረ ብቻ አልነበረም፤ ደክሞት ነው።

ለመቻል ደልቶት ነበር ማለቴ አይደለም። ሐኪም አይቶት አያውቅም። ጎረቤታችን የነበረ ልጅ በሌላ ውሻ ተነክሶ ፓስተር ሲመላለስ፣ ሆዱ ላይ የሚወጋውን መርፌ እየቆጠረ ሲያለቅስ ትዝ ይለኛል። የእብድ ውሻ በሽታ ቀልድ አይደለም፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። መቻልም አንድ ጠዋት ሳይመለስ ቀረ። መኪና ገጨው ያለ አለ፣ መርዝ በላ ያለ አለ። ወጥቶ የፈለገው ሰው ግን አልነበረም። ጠጅ በበኩሉ የክትባት ደብተር አለው፤ እኔ ከሀገር ስወጣ ከነበረኝ ሰነድ የተሟላ። ሥራ ግን የለውም።

መጀመሪያ መፍትሔው ሩጫ መሰለኝ። ሐበሻ አይደለሁ? ጠዋት በአሥራ አንድ ሰዓት ተነሥቼ አንድ ሰዓት አስሮጠዋለሁ፣ ማታ ሌላ አንድ ሰዓት። ሁለት ወር ሙሉ። ውጤቱ ምን ሆነ መሰላችሁ? የበለጠ ብርቱ ውሻ። እኔ ጉልበቴን ታመምኩ፣ እሱ ሩጫው ይረዝምልኝ አለ። አትሌት እያሠለጠንኩ ነበር ለካ። ደግነቱ ዓመት ተኩል አልፎት ነበር፤ አጥንቱ ሳይጠና ረጅም ሩጫ ቢለምድ መገጣጠሚያውን እጎዳው ነበር።

ያዳነችን አንዲት አሠልጣኝ ናት። ቤታችን መጥታ ግማሽ ሰዓት ዝም ብላ አየችው። "እግሩን አድክመሃል፣ አፍንጫውን ግን አላሠራኸውም" አለችኝ። ምግብ የሚሞላበት የሸራ ከረጢት አለ። ሣር ውስጥ ትደብቅለታለህ፤ እሱ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ ስትፈቅድለት አሽትቶ ፈልጎ ያመጣል፤ ከፍተህ ከውስጡ ትሰጠዋለህ። ይኸው ነው። ሃያ ደቂቃ እንዲህ ከሠራ በኋላ ቤት ገብቶ ተዘረረ። የአንድ ሰዓት ሩጫ ያላደረገውን። መጠበቁም ራሱ ሥራ ነው፣ ለእሱ ከሁሉ የሚከብደው። ማረፍንም እንደ ትምህርት ነው ያስተማርነው፤ ምንጣፉ ላይ መተኛትን፣ ሰው ሲነሣ አብሮ አለመነሣትን።

እውነቱን ለመናገር ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ጥገኝነት ጠይቄ ካምፕ ውስጥ የተቀመጥኩበት ጊዜ መጣብኝ። ምግብ አለ፣ አልጋ አለ፣ ሐኪም አለ። ሥራ መሥራት ግን አይፈቀድም። ስድስት ወንዶች አንድ ክፍል። አንዱ መምህር፣ አንዱ ብየዳ የሚችል፣ እኔ ሹፌር። ሁለተኛው ወር ላይ በስኳር መጣላት ጀመርን፤ በእርግጫ በር የሰበረም ነበር። ሠራተኞቹ "ምን ጎደላቸው?" የሚል ፊት ነበራቸው። እኔም መሶቡን በታትኖ ለቆመው ውሻ ያሳየሁት ያንኑ ፊት ነው።

ከዚያ ወዲህ አኗኗራችን ተቀየረ። ቅዳሜ ቅዳሜ ግሩነቫልድ ጫካ እንሄዳለን፤ እዚያ ውሻ ያለ ማሰሪያ የሚለቀቅበት ሰፊ ቦታ አለ። እኔ ግን ከአሥር ሜትር ገመድ አልለይም። የዱር አሳማ የሸተተው ቀን ስሙንም እኔንም ይረሳል። በክረምት ካፖርት እናለብሰዋለን፤ ከአጭሩ ጸጉር ሥር ሌላ ስስ ጸጉር ስለሌለው ይበርደዋል። እናቴ ፎቶውን አይታ ለሰፈር ሰው ሁሉ አሳየች አሉ። ከጫካ መልስ መዥገር መልቀም የልጄ ሥራ ነው። ምግብ የሚሰጠው ሩጫው ካለፈ ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው፤ እንደ እሱ ደረታቸው ጥልቅ የሆኑ ውሾች ጨጓራቸው ተጠማዞ ሊሞቱ ይችላሉ።

ከእንግዶቻችን ጋር ዛሬም አልተስማማንም። ነጠላ የለበሱ እናቶች ሲመጡ ጠጅ መኝታ ክፍል ይገባል። ቅር የሚለኝ ነገር የለም፤ ዕጣን በሚጨስበት ቤት ውሻ አያምርም ብለው ያደጉ ናቸው፣ እኔም እንደዚያው። የሚያስቸግረኝ ሌላው ነው። በፋሲካ አንዱ ወዳጄ "ምስኪን፣ ይቅመስ እንጂ" ብሎ ከዶሮ ወጡ ሊያጎርሰው እጁን ሲዘረጋ እንደ እብድ ጮህኩበት። ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው፣ የቀይ ደም ሴሉን ይሰብራል፤ የእኛ ወጥ ደግሞ ሽንኩርት እንጂ ምን አለው? የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም ተሰንጥሮ አንጀት ይወጋል። ወዳጄ "መቻል ስንት ዘመን በላው!" አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ምናልባት መቻልን የሐኪም ዓይን ስላላየው ነው።

ባለፈው ዓመት አዲስ አበባ ሄጄ አንድ ዘመዴ ዘንድ አረፍኩ። ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። በረንዳው ላይ የፈረንጅ ውሻ ታስሯል፤ ወፍራም ጸጉር ያለው፣ ለበረዶ የተፈጠረ። እንደ እኔው ቪዲዮ አይቶ ነው የገዛው። ማታም አይፈታም፤ ወዴት ይፈታል? ሌሊቱን ሙሉ ያላዝናል። ሥር ያሉት የሰፈር ውሾች ይመልሱለታል። ከእዚህም ከእዚያም መጥፎ መጥፎውን የወሰደ ውሻ ነው። ለዘመዴ ስለ ሸራው ከረጢት ነገርኩት። "ጊዜ የት አለና?" አለኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ጫካው ውስጥ ጠጅ ድንገት ቆመ። ጭራው ቀጥ አለ፣ የግራ እግሩ ታጠፈ። ቁጥቋጦው ውስጥ አንዲት ርግብ ነበረች። አልተነፈስንም። ጠበቀ። ከዚያ ዞሮ አየኝ፤ ተራው የእኔ ነበርና። ጠመንጃ የለኝም፣ ተኩሼም አላውቅም። ከኪሴ የደረቀ ሥጋ አወጣሁለት። በላውና እንደገና ወደ ቁጥቋጦው ዞረ።