የጅማ ልጅ ቅላፄ ለዘበኛ ብቻ ነው እንዴ?

ጅማ ውስጥ ትወና የሚወድ ልጅ መካሪ አይጠፋለትም። «አዲስ አበባ ከመሄድህ በፊት አነጋገርህን አስተካክል» ይሉታል። ክፋት ኖሯቸው አይደለም፤ ፊልሞቻችንን አይተዋል። የክፍለ ሀገር ቅላፄ ያለው ሰው ከመጣ ወይ ዘበኛ ነው፣ ወይ የቤት ሠራተኛ። አፉን በኦሮምኛ የፈታ ልጅ በዚያው ቅላፄው የፍቅር ፊልም መሪ ተዋናይ ሲሆን ስንቴ አያችሁ?

ለዚህ ምክር ጥቁሩ የሆሊውድ ተዋናይ ሲድኒ ፖይቲየር ጥሩ ምሳሌ ይመስላል። ወላጆቹ ከባሃማስ ቲማቲም ሊሸጡ ማያሚ ሄደው ሳለ በ1927 (ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው) ቀኑ ሳይደርስ ተወለደ። ያደገው ባሃማስ ነው። በ16 ዓመቱ ኒውዮርክ ገብቶ ሳህን አጣቢ ሆነ። አንድ ቀን የጋዜጣ ማስታወቂያ አይቶ ሃርለም ያለ የጥቁሮች ቲያትር ቤት ሊፈተን ሄደ። ጽሑፉን በደሴት ቅላፄው እየተንተባተበ ሲያነብ «ሂድና ሳህን እጠብ» ብለው አስወጡት። ሥራው ያ መሆኑን ግን ማንም አልነገራቸውም!

ሬዲዮ ገዛ። ተናጋሪዎቹን እየተከተለ ይደግም ጀመር። አብሮት የሚሠራ አንድ አዛውንት አይሁዳዊ አስተናጋጅ ደግሞ ማታ ማታ ጋዜጣ ያስነብበው ነበር። ከወራት በኋላ ወደ ቲያትር ቤቱ ተመልሶ፣ ቤቱን እያጸዳ እንዲማር ተቀበሉት። በ1964 በመሪ ተዋናይነት ኦስካር ያሸነፈ የመጀመሪያው ጥቁር ሆነ።

መካሪዎቻችን ታሪኩን እዚህ ላይ ቢያቆሙት ደስ ይላቸዋል። እኔ ግን የሚበልጥብኝ ስም ካገኘ በኋላ ያደረገው ነው። መርማሪ ፖሊስ ሆኖ በሠራበት የ1967 ፊልም አንድ ነጭ ባለሀብት በጥፊ ሲመታው ወዲያው ይመልስለታል። ያ ጥፊ ከየትኛውም ቅጂ እንዳይቆረጥ አስቀድሞ ቃል አስገብቼ ነበር ብሏል። ያኔ እንዲህ ያለ ነገር ማን አይቶ! እሱ ቅላፄውን ተለማምዶ ብቻ አልቀረም፤ አቅም ሲያገኝ የራሱን ሁኔታ አስቀመጠ። ያም ሆኖ ሁለተኛው ጥቁር፣ ዴንዝል ዋሽንግተን፣ ያንኑ ሽልማት ያገኘው በ2002 ነው። ከ38 ዓመት በኋላ!

ተዋናይ ብዙ ቅላፄ ቢያውቅ ጥሩ ነው፤ የጅማ ልጅም የአዲስ አበባውን ይልመድ። ግን የአዲስ አበባ ተዋናዮችስ የእኛን መቼ ነው የሚማሩት? «የጅማ ሰው» ብለው የሚያመጡት ሰውዬ እዚህ ጅማ ፈረንጅ አራዳም መርካቶም ቢፈለግ አይገኝም። ደራሲዎች እስቲ ቡና ላኪውን፣ ሐኪሙን፣ ፍቅር የያዘውን የጅማ ልጅ ጻፉ። ከዚያ ለፈተና ስትጠሩን፣ ገና አፋችንን ስንከፍት አትሳቁ።