አክተሩ የቱ ነው?

ባለፈው ቅዳሜ የኃይሌ ገሪማን ፊልም «ጤዛ»ን እንደገና ለማየት አራት ኪሎ አካባቢ አንድ አዳራሽ ገባሁ። ፊልሙ ከተጀመረ ሃያ ደቂቃ ቢሆነው ነው፣ አንድ ጎልማሳ በሞባይሉ መብራት የሰው ፊት እያበራ መጥቶ አጠገቤ ዘፍ አለ። ትንፋሹን እንኳ ሳይሰበስብ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «ወንድሜ፣ አክተሩ የቱ ነው?»

ዝም አልኩት። እሱ ግን ዝም አላለም። ብቅ ባለው ሰው ሁሉ ላይ ጣቱን ይቀስራል። «ያ ነው? ወይስ ይሄኛው?»

መዝገበ ቃላት «አክተር» ማለት ተዋናይ ነው ይላችኋል። ቪዲዮ ቤት ላደገ ሰው ግን አክተር አንድ ነው። የቀረው በሙሉ በእሱ ሊመታ የመጣ ነው። አክተሩን አንዴ ካወቅክ ጣጣህ አለቀ። ጥይት ቢዘንብ፣ ፎቅ ቢናድ አትደነግጥም። አክተር አይሞትማ!

ኃይሌ ገሪማ ይህን ሕግ ወይ አልሰማም፣ ወይ ሰምቶ ንቆታል። 14 ዓመት በፈጀበት ፊልም ውስጥ አንበርብር ጀርመን ተምሮ፣ እግሩን አጥቶ፣ በደርግ ዘመን ወደ እናቱ መንደር ይመለሳል። ያስባል። ይቃዣል። ታሪኩ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ደግሞ ይመለሳል። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ የዳኞችን ልዩ ሽልማት ወሰደ፤ በዓመቱ ደግሞ ዋጋዱጉ ላይ የአፍሪካ ፊልሞች ፌስቲቫል የሆነውን የፌስፓኮን የወርቅ ፈረስ። ከዳኞቹ መካከል እየዞረ አክተሩን ያፈላለገ ያለ አይመስለኝም።

የቤት ውስጡ ተመልካችም አይሻልም። በፊተኛው ሳምንት እህቴ ቤት የያሬድ ዘለቀን «ላምብ» አየን። እ.ኤ.አ. በ2015 ለካን የፊልም ፌስቲቫል በይፋ የተመረጠ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። እናቱ የሞተችበት ትንሹ ኤፍሬም ከዘመድ ተጠግቶ፣ የሚወዳትን በግ አጎቱ ለበዓል እንዳያርድበት ይጨነቃል። እኔ እንባዬ መጥቷል። የእህቴ ባል ሶፋው ላይ ቀና አለና፣ «እቺ በግ አሁን ባለው ገበያ ስንት ታወጣለች?» አለ። በቃ። ከዚያ በኋላ ፊልም የሚባል ነገር የለም። ባለፈው ፋሲካ ማን በስንት ገዛ፣ ደላላው ማንን እንዴት ሸወደ፣ ቆዳው የት ተጣለ። ከቤቱ ሁሉ ፊልሙን የተከታተለው የሰባት ዓመቱ የእህቴ ልጅ ነው። «አክተሯ በጓ ናት፤ ስለዚህ አትታረድም» ብሎ ደመደመ። ልክ ይሁን አይሁን አልነግራችሁም። መጨረሻ ነጋሪ አይደለሁም።

«ያልተያዘ ግልግል ያውቃል» የሚለውን ተረት እወደዋለሁ። ስክሪን ፊት ከተቀመጠ ሰው በላይ የሚመጥነው የለም። ባለፈው ወር «ታይታኒክ»ን ስናይ ጓደኛዬ ጃክ እንዴት መትረፍ እንደነበረበት ግማሽ ሰዓት አስረዳኝ። ጣውላው ሁለት ሰው ይችል ነበር አለ። ተራ በተራ መውጣት ነበረባቸው አለ። ይሄ ሰው እኮ ሶደሬ ሄዶ እግሩን ነክሮ የተመለሰ ነው!

«ታይታኒክ» ካልኩ ግን የቆየ ቂም አለብኝ። ፊልሙ ከሦስት ሰዓት ስለሚበልጥ ካሴቱ ሁለት ነበር። ዶሮ ማነቂያ ያለ አንድ ቪዲዮ ቤት የመጀመሪያውን ቅዳሜ፣ ሁለተኛውን እሑድ ያሳየናል። ለየብቻው አንድ አንድ ብር። ቅዳሜ መርከቧ ሳትሰጥም ተባረርን። እሑድ ሰጠመች። አክተሩም ሞተ።

ቤቱ ጸጥ አለ። ሕግ ፈረሰ። ከኋላ አንዱ፣ «ሦስተኛ ካሴት አለ፣ እዛ ላይ ይነሳል» አለ። ባለቤቱ አላስተባበለም። እንዲያውም ቶሎ እንዲያስመጣው ከየአንዳንዳችን ሃምሳ ሳንቲም ሰበሰበ። ፊልሙ 11 ኦስካር ወስዷል፤ ሰውየው የእኔን ሃምሳ ሳንቲም። ሳቁ ግድ የለም፣ እኔ ግን እስካሁን ያናድደኛል። በልጅ እምነት ነግዶ ማታ ራቱን የሚበላ ሰው! ሰፈሩ በ2016 ዓ.ም. ፈረሰ። ዛሬ እዚያ ሳልፍ ሰፊ የእግረኛ መንገድና መብራት አያለሁ፣ በየትኛው ንጣፍ ስር ቪዲዮ ቤቱ እንደነበር ግን መለየት አቅቶኛል። ማንን ልጠይቅ?

ጎልማሳውን ረስቼው ነበር። የአዳራሹ መብራት ሲበራ ጃኬቱን እየለበሰ፣ «አለቀ እንዴ? ታዲያ አክተሩ የታለ?» አለኝ።

«እግሩን ያጣው ነው» አልኩት፣ ልገላገል ብዬ።

ትንሽ አሰበ።

«እሱማ ማንንም አልመታም።»