ጥሪውን የተቀበለው ማን ነው?
«ፖሊስ በአንድ ዕዝ ስር ሲጠቃለል ሥራው ይቀላጠፋል» የሚለው ሐሳብ ግማሽ እውነት ነው። ስኮትላንድን እንይ። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1 ቀን 2013 ስምንት የአካባቢ ፖሊስ ተቋማት ተዋህደው አንድ ብሔራዊ ፖሊስ ሆኑ። አዎ፣ ለግድያ ምርመራና ለመሳሰለው ከባድ ሥራ ጠቅሟል፤ ትንሽ ከተማም ብትሆን ልምድ ያለው መርማሪ ይላክላታል። ግን የስልክ ጥሪ መቀበያዎቹም አብረው እንዲጠቃለሉ ተደረገ። በ2015 አንድ ሰው ደውሎ ከአውራ ጎዳና የወጣ መኪና ማየቱን ተናገረ። ጥሪውን የተቀበለው ፖሊስ ማስታወሻ ደብተሩ ላይ ጻፈው፤ ኮምፒውተሩ ላይ ግን አልተመዘገበም። ማንም ዞር ብሎ ሳያየው ሦስት ቀን አለፈ። መኪናው ውስጥ የነበሩት ሁለቱም ሰዎች ሞቱ። አንዷ ሲደርሱላት ገና በሕይወት ነበረች። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ውስጤ ይቃጠላል። «የእንግሊዝና የዌልስ 43 የፖሊስ ተቋማትም ዛሬውኑ ይዋሃዱ» ለምትለው ወንድሜ፦ ጥያቄው የአለቃው ብዛት አይደለም። ስልኩን ያነሳው ሰው የሰማው ነገር ቅርብ ያለው ጣቢያ ጋ በደቂቃዎች ውስጥ ይደርሳል ወይ? መጀመሪያ እሱ ይስተካከል፣ ስለ ውህደቱ ከዚያ እናወራለን።