መጀመሪያ ፊቴን አየች

አምና እዚህ ስደት አገር ትንሽ ኦፕራሲዮን ነበረብኝ። የፈራሁት ቢላውን ሳይሆን ማደንዘዣውን ነው። ስለዚህ ቀድሜ ስለ ሰመመን ሮቦቶች ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ማሽን ነው የሚያስተኛኝ ብዬ ስገባ የተቀበለችኝ አንዲት ሴት ናት። ግንባሬን ዳበስ አድርጋ ስሜን ጠየቀችኝ።

ቴክኖሎጂው ጠፍቶ አይደለም። በፈረንጆቹ 2008 ካናዳ፣ ሞንትሪያል ውስጥ የማክጊል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች «ማክስሊፒ» የሚባል ማሽን ይዘው መጡ። የእንቅልፉን ጥልቀት፣ የሕመሙን ምልክትና የጡንቻውን መላላት እየተከታተለ መድኃኒቱን በራሱ ይመጥናል። በ2010 ዳቪንቺ ከተባለው የቀዶ ሕክምና ሮቦት ጋር ተጣምሮ ፕሮስቴት ሲወጣ ታካሚውን ያስተኛው እሱ ነው።

አሜሪካ ደግሞ የጆንሰን ኤንድ ጆንሰን ኩባንያ «ሴዳሲስ» የተባለ ማስተኛ ማሽን በ2013 ተፈቀደ። ለአንጀትና ለጨጓራ ምርመራ ነው። የሚገርመው አሠራሩ ነው፦ በታካሚው ጆሮ «እጅህን ጨብጥ» ይላል። ዝም ካለው የማስተኛ መድኃኒቱን ፕሮፖፎልን ይቀንሳል። በ2016 ግን ገበያ አጥቶ ቀረ። የሰመመን ሐኪሞቹ ከመጀመሪያውም አልወደዱትም። ሥራችንን ሊቀማን ነው ብለው ነው የሚል ሐሜትም አለ።

አገር ቤት ወሬው ሌላ ነው። ብዙ ቦታ ሰመመን የሚሰጠው ለዚሁ የሠለጠነ ባለሙያ፣ አኔስቴቲስት እንጂ ስፔሻሊስት ሐኪም አይደለም። ኬታሚን የሚባለው ማደንዘዣ ደግሞ የሁሉም ባለውለታ ነው፤ ትንፋሽ ብዙም ስለማያፍን ያለ ትልቅ ማሽንም ያሠራል። አክስቴ ኦፕራሲዮን የሆነችው በሱ ነው። አኔስቴቲስቱ በአንድ እጁ አገጯን ደግፎ፣ በሌላው የደም ሥሯን ይዞ እስከ መጨረሻው ቆመ አሉን። ከገዛ ጣቱ ሌላ የሚጮህለት ነገር አልነበረም።

አኔስቴቲስቱን አደነቅኩት። ግን ጣት ኦክስጅን አይለካም። መድኃኒት የሚመጥን ሮቦት ከሰውነት በሚመጣ ንባብ ነው የሚነዳው። ጣት ላይ የምትቆነጠጠዋ የደም ኦክስጅን መለኪያ፣ ፐልስ ኦክሲሜትር፣ በሌለችበት ክፍል ስለ ሮቦት ማውራት ጎማ ለሌለው መኪና ሾፌር መምረጥ ይመስለኛል።

ወደኔ ልመለስ። ልተኛ ስል ማሽኑ ጮኸ። ኦክስጅን ወረደ ይላል። ሴትየዋ አልደነገጠችም። መጀመሪያ ፊቴን አየች፣ ቀጥላ ጣቴን። መቆንጠጫዋ ተንሸራታለች፤ እጄም እንደ በረዶ ቀዝቅዟል። በመዳፏ አሙቃ ቦታዋ መለሰቻት። ጩኸቱ ቆመ። ከዚያ ወዲያ የማስታውሰው የለም።