የታመመ ሠራተኛ ቤቱ መቅረት ይችላል?

ሚኒሶታና ዳኮታ አካባቢ የሚኖር ሐበሻ ስጋ ፋብሪካ የሚሠራ ዘመድ ወይም ወዳጅ አያጣም። እንግሊዝኛው ገና ያልጠና ሰው ቶሎ ሥራ የሚያገኘው እዚያ ነው። ሥራው ከባድ ነው። ብርዱ፣ ጩኸቱ፣ ቀኑን ሙሉ ከቢላዋ ጋር መዋሉ ያደክማል። ግን ቼኩ በሰዓቱ ይመጣል፣ ኦቨርታይምም አለ። አገር ቤት የሚላከው ገንዘብ ከዚያ ነው የሚወጣው። ለዚህ ነው ዓለም አቀፍ ኩባንያዎች ለወረርሽኝ እንዴት ይዘጋጃሉ የሚል ወሬ ሲነሳ ሐሳቤ በቀጥታ ወደ ሱ ፎልስ የሚሄደው።

ሳውዝ ዳኮታ ውስጥ ባለችው በዚህች ከተማ ስሚዝፊልድ የሚባለው ኩባንያ ትልቅ የአሳማ ስጋ ፋብሪካ አለው። ኮሮና ሲገባ ወደ 3,700 ሰው ይሠራበት ነበር። ስሙ የአሜሪካ ይሁን እንጂ በ2013 እ.ኤ.አ. የገዛው ዛሬ ደብሊው ኤች ግሩፕ የሚባለው የቻይና ኩባንያ ነው። የከፈለውም ዕዳውን ሳይጨምር 4.7 ቢሊዮን ዶላር ነው። ስለዚህ ለዝግጅት የሚሆን አቅም አጥቶ ነው ማለት አይቻልም።

እዚያ ፋብሪካ 40 የሚያህሉ ቋንቋዎች ይነገራሉ። የአሜሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ በኤፕሪል 2020 ባለሙያዎች ልኮ ነበር። ባወጡት ጽሑፍ በብዛት ከሚነገሩት አሥር ቋንቋዎች መካከል አማርኛን፣ ትግርኛን፣ ኦሮምኛንና ኩናምኛን ጠቅሰዋል። የሕመም ምልክት ታይቶባቸው ወደ ቤት የሚላኩ ሠራተኞች የሚሰጣቸው ወረቀት ግን በእንግሊዝኛ ብቻ የተጻፈ ነበር።

እስቲ አስቡት። አንዲት እናት ትኩሳት ይዟት፣ ያን ወረቀት ይዛ ቤቷ ትገባለች። ማን ያነብላታል? ልጇ ነው። እኛ ዘንድ የባንክ ደብዳቤውንም፣ የሐኪም ቀጠሮውንም፣ የታክስ ወረቀቱንም የሚያነበው ልጅ ነው። ከሰው ተለይተሽ ተቀመጪ የሚላትን ወረቀት ለማስነበብ መጀመሪያ ልጇን አጠገቧ ማስቀመጥ አለባት። ይህ ቀላል ጉድለት አይመስለኝም። ሠራተኛው ማን እንደሆነ፣ ከማን ጋር እንደሚኖር ያላሰበ ዝግጅት የሚያመጣው ጣጣ ነው።

ነገሩን አደባባይ ያወጡትም ልጆች ናቸው። በማርች መጨረሻ አንዲት የሠራተኞች ልጅ ስሟን ደብቃ ለከተማው ጋዜጣ መልእክት ላከች። ፋብሪካው ውስጥ የታመመ ሰው እንዳለ መጀመሪያ የተሰማው በዚህ መንገድ ነው። በኋላም ሌሎች ልጆች «የስሚዝፊልድ ልጆች» ብለው ተሰባሰቡና ስለ ወላጆቻቸው ጮኹ። አባቴ ወጥቶ ካልሠራ ቤት እንደማይከፈል አውቃለሁ፣ ግን እንዳይሞትብኝ እፈራለሁ የሚል ልጅ ጭንቀቱን ለማን ይንገር?

በዚያው ሰሞን ኩባንያው የኤፕሪልን ሺፍት ሳያጓድል ለሠራ ሰው 500 ዶላር ጉርሻ እሰጣለሁ አለ። በኮሮና ምክንያት የቀረ ሰውም ያገኛል ብሎ ነበር። ይህን ሳልጠቅስ ባልፍ ፍርደ ገምድል እሆናለሁ። ነገር ግን ጉሮሮውን የከረከረው ሰው ኮሮና ይሁን ጉንፋን ገና አያውቅም። 500 ዶላር ደግሞ ለብዙ ቤተሰብ ትልቅ ገንዘብ ነው። ምናልባት ጉንፋን ይሆናል እያለ ሥራ ይገባል። እኔም ብሆን የምገባ ይመስለኛል።

በኤፕሪል አጋማሽ ፋብሪካው ተዘጋ። የሠራተኛ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ ኦሻ በኋላ እንዳለው፣ በዚያ የጸደይ ወቅት 1,294 ሠራተኞች በበሽታው ተይዘዋል፣ 4 ሞተዋል። የተጣለው ቅጣት 13,494 ዶላር ነው። ይህን ቁጥር ባነበብኩ ቁጥር ያመኛል።

አገር ቤት ያለ ሰው አሜሪካ የታመመ ሠራተኛ በሕግ ደመወዙ የሚከፈለው ይመስለዋል። ግን ለሁሉም የግል ሠራተኛ የሚሆን እንዲህ ያለ የፌዴራል ሕግ የለም። አንዳንድ ክፍለ ግዛቶች አላቸው፣ ሳውዝ ዳኮታ የላትም። በማርች 2020 ኮንግረስ እስከ 80 ሰዓት የሚከፈል የሕመም ፈቃድ በጊዜያዊነት ሲደነግግ፣ ግዴታው ከ500 ሠራተኛ በታች ላላቸው ድርጅቶች ነበር። ትልልቆቹ ኩባንያዎች ከሕጉ ውጭ ሆኑ። ብዙ ሰው ተጠጋግቶ የሚሠራው ደግሞ እነሱ ጋ ነው።

የኛን የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ስናየው በወረቀት ደረጃ ይሻላል። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ በዓመት ውስጥ እስከ ስድስት ወር የሕመም ፈቃድ ይሰጣል። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ ነው። ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ ይከፈላል። የቀሩት ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። ይህን እዚህ ላሉ የሥራ ባልደረቦቼ ስነግራቸው አያምኑኝም።

ግን ኑሮ በወረቀት አይኖርም። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልጆች ይሰፉት የነበረው ልብስ የሚሸጠው አውሮፓና አሜሪካ ነበር። በ2020 ሱቆቹ ሲዘጉ ገዢዎቹ ትዕዛዝ ቀነሱ፣ ሰረዙም። መንግሥት በአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ አሠሪ እንደፈለገ ሠራተኛ እንዳያሰናብት ከለከለ፤ ጥሩ አደረገ። ያም ሆኖ ብዙ ልጆች ከሥራ ወጥተው ከረሙ። ለግሉ ዘርፍ የዝቅተኛ ደመወዝ ወለል በሌለበት አገር ሙሉ ደመወዝ ተከፈለ ማለትም ከቤት ኪራይ ብዙ አያልፍም። ኪራዩንም ለሦስት ለአራት ሆነው ነው የሚከፍሉት። በአንድ ክፍል አራት ሆነው የሚያድሩ ልጆች አንዷ ብትታመም የት ትለያለች? አሠሪው ጤንነታቸውን የሚያየው በፋብሪካው በር ላይ ብቻ ከሆነ መልስ አያገኝለትም።

በር ላይ ያላቆመ አንድ ኩባንያ ግን አውቃለሁ፤ ላይቤሪያ ያለው ፋየርስቶን ነው። በኢቦላ ጊዜ የጃፓኑ ብሪጅስቶን ንብረት ነበር። ሃርበል በሚባል ቦታ ከ1926 ጀምሮ የጎማ እርሻ አለው። በሠራተኛ አያያዙ ለረጅም ዘመን ሲወቀስ የኖረ ኩባንያ ነው፣ ቅዱስ ላደርገው አልፈልግም። ሆኖም በኢቦላ ጊዜ የሠራው መነገር አለበት።

በማርች 2014 መጨረሻ የአንድ ሠራተኛ ሚስት ታማ ተገኘች። ኢቦላ ቀድሞ ከገባበት ከሎፋ አውራጃ ነበር የመጣችው። ኃላፊዎቹ በዋና ከተማዋ ሞንሮቪያ ያሉ ሆስፒታሎች እንዲቀበሏት ጠየቁ፣ የሚቀበል ጠፋ። ስለዚህ እዚያው ግቢያቸው ባለው ሆስፒታል የተለየ ክፍል በፍጥነት አዘጋጁ። የመከላከያ ልብስ ስላልነበረ ለኬሚካል መፍሰስ የተቀመጠውን ልብስ ለነርሶቹ አለበሱ። ነገሩ ሲከፋ ትምህርት ቤቶችን ከበሽተኛ ጋር ለተነካኩ ሰዎች ማቆያ አደረጉ። አገግሞ የሚወጣውን ሰው ጎረቤት እንዳያርቀው ከማኅበረሰቡ ጋር መልሶ የማቀላቀል ሥራም ነበራቸው። እኔን የሚነካኝ ይህኛው ነው። ከበሽታ የተረፈ ሰው በሰፈሩ ሲሸሽ ያየ ሰው ትርጉሙ ይገባዋል።

የእርሻው ሠራተኞች ያኔ ወደ 8,500 ነበሩ። ኩባንያው የተንከባከበው ግን ቤተሰቦቻቸውን ጨምሮ 80,000 የሚያህል ሕዝብ ነው። ቀድሞም ያሳክማቸው ነበርና ማን የት እንደሚኖር ያውቃል። ሲዲሲ አጥንቶ በ2014 መጨረሻ እንዳወጣው፣ በእርሻው ክልል በሽታው የያዘው ሰው መጠን ከዙሪያው አውራጃ ያነሰ ነበር። ይህ የሆነው ከዓለም እጅግ ደኻ ከሆኑት አገሮች በአንዱ፣ ከኮሮና ስድስት ዓመት በፊት ነው። ልምዱ ተጽፎ፣ ታትሞ፣ ሊያነብ ለፈለገ ሁሉ ተቀምጦ ነበር።

ስሚዝፊልድም ቅጣቱን ሲከራከር ቆይቶ በኖቬምበር 2021 ከኦሻ ጋር ተስማማ። ቅጣቱን ሊከፍል፣ ባለሙያዎች ሰብስቦ በአገሪቱ ላሉ ፋብሪካዎቹ የተላላፊ በሽታ ዝግጅት ዕቅድ ሊያወጣ ተስማማ። ጥሩ ነው። የዘገየ ቢሆንም ጥሩ ነው።

እንዲህ ባሉ ፋብሪካዎች የምትሠሩ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ የየትኛውም ኩባንያ ይሁን፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሰው ሁሉ ጤነኛ በሆነበት በዚህ ጊዜ ዕቅዱን ጠይቁ። በአማርኛ፣ በትግርኛ፣ በኦሮምኛ አለ ወይ? ምርመራ ላይ ያለ፣ ገና ውጤቱን ያላወቀ ሰው ይከፈለዋል ወይ? ስንት ቀን? ቤት ውስጥ የሚለይበት ክፍል የሌለው ሰው የት ያርፋል? ዩኒየን ካለ በዩኒየኑ በኩል ይሁን። መልሱንም በቃል ብቻ አትቀበሉ፣ በጽሑፍ ይሰጣችሁ።